ከሮም፣ ከፍሎረንስና ከቬኒስ ወዲያ ያለችው ጣሊያን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጣሊያን ልሄድ ነው ብሎ የሚደውልልኝን ሰው ዕቅዱን ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ቀን ሮም፣ አንድ ቀን ፍሎረንስ፣ አንድ ቀን ቬኒስ፣ የቀረውን ሚላኖ ዘመድ ቤት። ሲመለስ የሚያሳየኝ ፎቶም አንድ ነው፤ እሱ ከፊት፣ ከኋላው የሰው ጎርፍ። ከታች የሰበሰብኳቸው «ሌላ መንገድ የለም ወይ?» ያሉኝ ሰዎች ደጋግመው ያነሷቸውን ጥያቄዎች ነው። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰው የማይበዛበት ጣሊያን ስትል የት ማለትህ ነው? ሩቅ ነው?

ሩቅ አይደለም። ከፊሉ ከሮም የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ባቡሩ ነው። ከኔፕልስ ተነሥቶ በሮም፣ በፍሎረንስና በቦሎኛ አልፎ ሚላኖ የሚገባው ፈጣን ባቡር ቱሪስቱን ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ያመላልሰዋል። ከሮም ወደ ምሥራቅ፣ የአፔኒን ተራሮችን አቋርጦ ወደ አድሪያቲክ ባሕር የሚወርደው ግን ከተራራ ተራራ እየተጠማዘዘ የሚያዘግም ባቡር ነው፤ ወደዚያ የሚያቀና እንግዳም ጥቂት ነው። አብሩዞ፣ ሞሊሴ፣ ባዚሊካታ፣ ማርኬ፣ የካላብሪያ ደጋ፣ የሰርዴኛ ደሴት መሐል አገር፤ የማወራው በአብዛኛው ስለነዚህ ነው።

በማኅበራዊ ሚዲያ «ማንም የማያውቃት» እየተባለች የምትዞረውን መንደር ግን ጠርጥሩ። ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለች፣ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባት ሰው በጣት የሚቆጠር መንደር ናት፤ ጎብኚው ከመብዛቱ የተነሣ ከ2013 ጀምሮ ድልድዩን ለመሻገር ቲኬት ይቆረጣል። እንዲያም ሆኖ እዚያው ያደረ ሰው የሚያያት መንደር ሌላ ናት። አመሻሽ ላይ አስጎብኚዎቹ ሰዉን ሰብስበው ይወጣሉ፣ ድንጋዩ ላይ የእግር ኮቴ ሳይቀር ይሰማል። ስለዚህ ማንም ቢጠይቀኝ የምመልሰው አንድ ነው፤ ከዝርዝራችሁ ላይ አንድ ከተማ ሰርዙና በምትኩ አንድ ሌሊት ጨምሩ።

ያለኝ አንድ ሳምንት ነው። አንድ ቦታ ብቻ ምረጥልኝ።

አብሩዞ፤ ሳላመነታ።

ከሮም ቲቡርቲና ጣቢያ ወደ ፔስካራ የሚሄደውን ባቡር ያዙና ሱልሞና ውረዱ። ጣቢያው ከከተማው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ስለሆነ ሻንጣ እየጎተታችሁ አትውጡ፣ የከተማ አውቶቡስ አለ። ሱልሞና የሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ የትውልድ ከተማ ናት፤ ዛሬ የምትታወቀው ግን በስኳር በተለበጠ ለውዝ ነው። «ኮንፌቲ» ይሉታል። ሰርግ ላይ አምስት ፍሬ ነጭ ለውዝ በትንሽ ከረጢት ለእንግዳ ይሰጣል፤ ለምረቃ ቀይ፣ ለቀለበት አረንጓዴ። በየሱቁ በር ላይ ለውዙን በሽቦ እያሠሩ አበባ አስመስለው ይደረድሩታል፤ ልጅ ይዞ ያለፈ ሰው ሳይገዛ አያልፍም።

ከከተማው በላይ በሞሮኔ ተራራ ወገብ ላይ ዋሻ ተጠግታ የተሠራች ትንሽ ገዳም ትታያለች። ፒየትሮ የሚባል ባሕታዊ እዚያ ተቀምጦ ሳለ ነው በ1294 የሮም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነሃል ተብሎ የተጠራው። ቼለስቲኖ አምስተኛ ተባለ፤ አምስት ወር ያህል ቆይቶ ሥልጣኑን በገዛ ፈቃዱ ተወ። የእኛ አገር ባሕታዊ ቤተ መንግሥት ቢጠራ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። በዚያችው አጭር ጊዜ ላኪላ ከተማ ለሚገኘው ለኮለማጆ ቤተ ክርስቲያን የሰጠው የይቅርታ በዓል እስከ ዛሬ በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 28 እና 29 ይከበራል። ላኪላን በ2009 የመሬት መንቀጥቀጥ መትቷት 309 ሰው ሞቶባታል፤ ለ2026 ደግሞ የጣሊያን የባህል መዲና ሆና ተመርጣለች።

ከላኪላ ወደ ላይ ሲወጣ ካምፖ ኢምፔራቶሬ የሚባለው ሰፊ ሜዳ ይመጣል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ዛፍ የሌለው፣ ነፋስ ብቻ። የመንዝን ጓሳ ያየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሜዳው ላይ የበግ ሥጋ በቀጭን እንጨት ተሰክቶ ይሸጣል፤ «አሮስቲቺኒ» ነው። ሥጋውን ትገዛላችሁ፣ ከውጭ ፍም ተዘጋጅቷል፣ ራሳችሁ ትጠብሳላችሁ። የቁርጥ ቤት ልማድ ላለው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ባቡር ለሚወድ ሰው፦ ከሱልሞና ተነሥቶ ወደ ሞሊሴ የሚዘልቀው በ1897 የተከፈተ የተራራ ሐዲድ መደበኛ አገልግሎቱ በ2011 ተቋርጦ ዛሬ በተመረጡ ቀናት ታሪካዊ ባቡር ይሄድበታል። ሪቪዞንዶሊ ጣቢያ ሲደርስ 1,268 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ክረምቱ በረዶ ስለሆነ «የጣሊያን ትራንስ ሳይቤሪያ» ይሉታል። ቲኬቱ ቶሎ ያልቃል።

ሆቴል በሌለበት መንደር የት ይታደራል?

ሁለት ቃል ያዙ። የመጀመሪያው «አግሪቱሪዝሞ» ነው፤ ገበሬው ቤቱ ያሳድራችኋል፣ ከራሱ እርሻ ያበላችኋል። ሕግ ወጥቶለታል፣ ዋናው ሥራ እርሻው መሆን አለበት። ስም ብቻ ይዘው ሆቴል የሆኑም ስላሉ ስትይዙ «እራት አለ ወይ፣ ከምን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ረጅም ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው።

ሁለተኛው «አልቤርጎ ዲፉዞ» ነው፤ የተበተነ ሆቴል እንደ ማለት። በ1976 ፍሪውሊ በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈረሰች በኋላ ባዶ የቀሩትን ቤቶች ምን እናድርጋቸው ከሚል ሐሳብ የተወለደ ነው። መመዝገቢያው አንድ ቤት ውስጥ ነው፣ መኝታችሁ ሦስት ቤት አልፎ፣ ቁርሱ ሌላ ደጃፍ ላይ። ለዚህ አብሩዞ ውስጥ የምትጠቀሰው ሳንቶ ስቴፋኖ ዲ ሴሳኒዮ ናት፤ 1,250 ሜትር ላይ ያለች የድንጋይ መንደር። ቤቶቹን ሲያድሱ የጠቆረውን ግድግዳ እንኳ ሳይቀቡ ትተውታል። ከዚያ በእግር ወይም በመኪና ወደ ሮካ ካላሾ ምሽግ ይወጣል፤ ፀሐይ ስትወጣ ድረሱ።

የትም ብታድሩ ባለቤቱ ፓስፖርት ይጠይቃችኋል። እንግዳን ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታው ስለሆነ ነው፣ እናንተን ተጠራጥሮ አይደለም።

ላሊበላን ያየ ሰው ማቴራ ቢሄድ ምን ያገኛል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ፈረንጁ ማቴራን፣ ባዚሊካታ ውስጥ ያለችውን የዋሻ ከተማ፣ አይቶ የሚደነግጠውን ያህል እኛ አንደነግጥም። ድንጋይ ተፈልፍሎ ቤተ መቅደስ መሆኑ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ላሊበላ ግን ከላይ ወደ ታች ተቆፍሮ፣ አለቱ ዙሪያውን ተለያይቶ የቆመ ሕንፃ ነው። ማቴራ ከገደሉ ጎን ወደ ውስጥ ተገብቶ ነው የተፈለፈለችው፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጓዳው፣ የውኃ ጉድጓዱ፣ በረቱ ሁሉ በአንድ ዓይነት ለስላሳ ድንጋይ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። የሚመስለው ይልቅ የትግራይን የዋሻ አብያተ ክርስቲያናት ነው።

ከባዱ ታሪክ የቤቶቹ ነው። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ሰው ከበቅሎውና ከዶሮው ጋር አንድ ዋሻ ውስጥ ይኖር ነበር። ጉዳዩ የአገር ኀፍረት ተባለና በ1952 ሕግ ወጥቶ 15 ሺህ ገደማ ሰው ከዚያ ተነሥቶ አዲስ ሰፈር ገባ። ባዶ የቀረው ሰፈር በ1993 ዩኔስኮ መዘገበው፣ በ2019 ደግሞ ከተማዋ የአውሮፓ የባህል መዲና ሆነች። ዛሬ ያ ዋሻ በሌሊት በመቶዎች ዩሮ የሚከራይ መኝታ ቤት ነው። አያቶቹ ተገፍተው የወጡበትን ቤት የልጅ ልጅ አጽድቶ ለእንግዳ ሲያከራየው ማየት ደስ ይላል፣ ደግሞም ቅር ይላል፤ ሁለቱም ስሜት መጣብኝ።

ማቴራ ዛሬ የታወቀች ከተማ ናት፣ ስለዚህ ከሸለቆው ማዶ ተሻገሩ። የሙርጂያ ፓርክ ውስጥ የተበተኑት የዋሻ አብያተ ክርስቲያናት ከመቶ በላይ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ በ1963 የተገኘው፣ በ8ኛውና በ9ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ግድም የተሣለው ዋሻ እረኞች መጠለያ አድርገውት ስለነበር ነው የተረፈው፤ በቀጠሮ ብቻ ይገባል። ፀጥታ የሚፈልግ ደግሞ ፑሊያ ውስጥ ሞቶላ ይሂድ፤ የሳን ኒኮላ ዋሻ ሥዕሎች ፊት ብቻችሁን ትቆሙ ይሆናል።

ከባሪ ወደ ማቴራ የምትሄደው ትንሽ ባቡር የዋናው ድርጅት ስላልሆነች በተለመደው የቲኬት መተግበሪያ ላይ ላታገኟት ትችላላችሁ። እሑድና በበዓል ቀን አውቶቡስ ሊተካት ስለሚችል ቀድማችሁ አጣሩ።

ሞሊሴ የሚባል ክልል በእውነት አለ?

ጣሊያኖቹ ራሳቸው «ሞሊሴ የለም» እያሉ ይቀልዳሉ። አለ። በ1963 ከአብሩዞ ተለይቶ ክልል ሆነ፣ ነዋሪው ከ300 ሺህ ያንሳል። አኞኔ ከተማ ለብዙ መቶ ዓመታት ደወል ሲያቀልጥ የኖረ የማሪኔሊ ቤተሰብ ማቅለጫ አለ፤ ከ1924 ጀምሮ የሮም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳትን ማኅተም ደወሉ ላይ እንዲያትም ተፈቅዶለታል። ነሐሱ ሻጋታው ውስጥ ሲፈስ ቄስ ቆሞ ይጸልያል።

እኔን የማረከኝ ግን አልቲሊያ የምትባለው ፍርስራሽ ናት፣ የጥንቷ ሴፒኑም። የሮማውያን ከተማ ናት፤ አጥር፣ ቲያትር፣ ገበያ፣ ሁሉም አለ። በመሐሏ የሚያልፈው ዋና መንገድ ከከተማዋ በፊት የነበረ የከብት መንገድ ነው። እረኞች በጋውን አብሩዞ ደጋ ላይ፣ ክረምቱን ፑሊያ ቆላ እያሳለፉ በጎቻቸውን በዚህ መንገድ ይነዱ ነበር፤ ከእነዚህ የከብት መንገዶች ትልቁ፣ ከላኪላ እስከ ፎጃ የሚወርደው፣ 244 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 111 ሜትር ስፋት ነበረው። በሴፒኑም አንደኛው በር ላይ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ የከተማው ሹማምንት የሚያልፉትን እረኞች እንዳያንገላቱ የሚያስጠነቅቅ። አርብቶ አደርና የወረዳ ሹም መጣላት የጀመሩት ትናንት አይደለም።

መኪና ልከራይ ወይስ በባቡርና በአውቶቡስ ልሂድ?

ተራራው ላይ መኪና ይሻላል፤ ከተማ ውስጥ መኪና ጣጣ ነው። በብዙ አሮጌ ከተማ መግቢያ ላይ «ዜታ ቲ ኤሌ» የሚል ምልክት አለ፤ ፈቃድ የሌለው መኪና ሲገባ ካሜራ ያነሣዋል፣ ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤታችሁ ይደርሳል፣ አከራዩም የራሱን አገልግሎት ይጨምርበታል። የኢትዮጵያም የአሜሪካም መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አብሮ ይያዝ።

በአካባቢ ባቡር ለሚሄድ ሰው ዋጋው ቋሚ ነው፣ ቀደም ብሎ መግዛት አያረክሰውም። የወረቀት ቲኬት ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለችው ትንሽ ማሽን ይታተማል። በስልክ የገዛችሁት ከሆነ ደግሞ በተላከላችሁ ማስፈንጠሪያ መሳፈራችሁን ታረጋግጣላችሁ። የዘነጋ ይቀጣል።

አውቶቡሱ ላይ ያለው ወጥመድ ቃሉ ነው። ሰሌዳው ላይ «ፌሪያሌ» ሲል የሥራ ቀን ማለት ነው፣ ቅዳሜንም ይጨምራል። «ፌስቲቮ» እሑድና በዓል። «ስኮላስቲኮ» ትምህርት ቤት ክፍት ሲሆን ብቻ። እኔ «ፌሪዬ» ዕረፍት መሆኑን ስለማውቅ «ፌሪያሌ»ም የዕረፍት ቀን ነው ብዬ እሑድ ጠዋት አንድ የተራራ ፌርማታ ላይ ሦስት ሰዓት ቆምኩ። በመጨረሻ ዳቦ የምታከፋፍል ሴትዮ በመኪናዋ አወረደችኝ።

ጣሊያንኛ አልችልም። እግባባለሁ?

ከምታስቡት በላይ ትችላላችሁ። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ቦርሳ፣ ጋዜጣ፣ ቢራ፣ ካልሲ፣ መኪና፣ ፍሬን፣ ፎርኖ፣ ጀላቲ፤ እነዚህን ሁሉ ሳታውቁት ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ጋራዥ የሠራ ሰውማ ጎሚስታ ቤት ገብቶ ቃል አይቸግረውም።

ትንሽ መንደር ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችለው ብዙ ጊዜ ወጣቱ ነው፣ ወጣቱ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ሄዷል። ስልክ ላይ ያለ አስተርጓሚ ይረዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀድሞ ሰላም ማለት ነው። ሱቅ ስትገቡ «ቦንጆርኖ»፣ ከሰዓት በኋላ «ቦና ሴራ»፤ ሰላም ሳይል ዕቃ የሚያነሣ ሰው እዚያም እንደ እኛ ባለጌ ነው።

ጾም ላይ ከሆንኩ ምን እበላለሁ?

ደቡቡ ለጾመኛ የተሠራ ነው። ፑሊያ ውስጥ የባቄላ ክክ ተቀቅሎና ተፈጭቶ በዘይት ከመራራ ጎመን ጋር ይቀርባል፤ «ፋቬ ኤ ቺኮሪያ»። እንጀራ ብቻ ነው የጎደለው። ፓሌርሞ ላይ የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ ተጠብሶ በዳቦ ይበላል፣ ሊጉሪያ ላይ ያው የሽምብራ ዱቄት በትልቅ መጥበሻ ምድጃ ይገባል። የሳንቶ ስቴፋኖ ዲ ሴሳኒዮ ምስር ጥቃቅን ነው፣ ሾርባው ግሩም ነው። «ፋሮ» የሚሉት እህል ደግሞ የእኛው አጃ ነው፣ ገብስ መሳዩ የስንዴ ዘመድ።

የሚያስገርማችሁ «ቺቸርኪያ» ነው፦ ጓያ! እኛ በድርቅ ዘመን ሰው የሚሰብር ብለን የምንፈራውን እህል ማርኬና ኡምብሪያ ውስጥ በውድ ዋጋ በትንሽ ከረጢት ይሸጡታል። ጉዳቱ የሚመጣው ለወራት ሌላ እህል ሳይቀላቀል ዋና ምግብ ሲሆን ነው፤ አንድ ሳህን ሾርባ ምንም አያደርግም።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። ፓስታው ትኩስ የተሠራ ከሆነ ሰሜኑ ውስጥ፣ በተለይ ቦሎኛ አካባቢ፣ እንቁላል አለበት፤ ደቡቡ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው። አይብ ሳይጠይቁ ስለሚነሰንሱ «ሴንዛ ፎርማጆ» በሉ። «ዲ ማግሮ» የሚል ካያችሁ በእነሱ የጾም ማለት ነው፣ ግን የተከለከለው ሥጋ ብቻ ስለሆነ አይብም ዓሣም ሊኖርበት ይችላል። አጭሩ መንገድ «ቬጋኖ» ማለት ነው፣ አሁን ሁሉም ገብቶታል።

ማኪያቶ አዝዤ ለምን ሌላ ነገር አመጡልኝ?

የአዲስ አበባው ማኪያቶ የእኛ ነው። እዚያ «ማኪያቶ» ማለት ጠብታ ወተት የነካት አንድ ጉንጭ ቡና ናት። «ላቴ» ካላችሁ ደግሞ ወተት ብቻ ይመጣል። ቆማችሁ ጠጡ፣ ተቀምጦ መጠጣት በብዙ ቦታ ዋጋው ይለያል።

ቡና ዋና ጉዳያችሁ ከሆነ ትሪዬስቴን ጎብኙ፤ ከስሎቬኒያ ድንበር አጠገብ ያለች፣ የዓለም ቡና በመርከብ የሚገባባት ወደብ። እዚያ የማዘዣው ቋንቋ ራሱ ሌላ ነው፦ «ኔሮ» ጥቁር ቡና፣ «ካፖ» ማኪያቶ፣ «ካፖ ኢን ቢ» በትንሽ ብርጭቆ የሚቀርብ ማኪያቶ። የመጨረሻዋ ለእኛ ጣዕም በጣም ትቀርባለች።

ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተያያዙ፣ አስጎብኚ የማያሳያቸው ቦታዎች አሉ?

ብዙ። የመጀመሪያው ሮም ስትደርሱ እግራችሁ የሚረግጠው ነው። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ለእነሱ መታሰቢያ የቆመው የግብፅ ሐውልት ጥቂት እርምጃ አልፎ ከዛፍ ሥር ይገኛል። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተወሰደውን የይሁዳ አንበሳ እዚያው ሐውልት ሥር አቁመውት ነበር። በሰኔ 1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ ያን አንበሳ ሲያይ ተንበርክኮ ጸለየ፣ ሊያስነሡት ሲሞክሩ ሰይፉን መዘዘ። አንበሳው ኋላ ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ፊት ቆሟል። ሐውልቱ ሥር የሚቀመጡት አሁን ባቡር የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ብዙ ሐበሻ በአጠገቡ አልፎ ሰፈሩ ካሉት የእኛ ምግብ ቤቶች እንጀራ ይበላል፣ ቀና ብሎ የሚያየው ግን ጥቂቱ ነው።

የአክሱም ሐውልት የቆመበትን ቦታ የምትፈልጉ ከሆነ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ነው። በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል፣ እዚያ የለም። አለመኖሩን ለማየት ብቻ መሄድ ያስደስታል።

ቫቲካን ቅጥር ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ያርፉባት ነበር። በ1513 ሮም ውስጥ የታተመው የግዕዝ ዳዊት፣ በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው የማተሚያ መጽሐፍ፣ አታሚው ቋንቋውን ከእነዚሁ መነኮሳት ተምሮ የሠራው ነው። በ1548 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን አዲስ ኪዳንን በግዕዝ እዚያው ማሳተም ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያኗ ዝም ብሎ የሚገባባት አይደለችም፣ መኖሯን አውቆ ማለፍ ግን ሌላ ነው።

ወደ ደሴቶቹ እንሂድ። ፖንዛ ከፎርሚያ በጀልባ የሚደረስባት ውብ የበጋ ደሴት ናት። ራስ እምሩ ታስረው የኖሩት እዚያ ነበር። ሙሶሊኒ ራሱ በሐምሌ 1943 ሲወድቅ ተይዞ የተወሰደው ወደዚያችው ፖንዛ ነው፤ ከዚያ ወደ ሌላ ደሴት፣ ከዚያ ከላይ ወዳነሣሁት ካምፖ ኢምፔራቶሬ። ጀርመኖች በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን ከዚያ ተራራ አውጥተው ወሰዱት። አሮስቲቺኒ እየጠበሳችሁ ቀና ስትሉ የታሰረበት ሆቴል ከፍ ብሎ ተራራው ላይ ነው።

በሰርዴኛ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ያለችው አሲናራ ከሁሉ ትከብደኛለች። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ብዙ የኢትዮጵያ መኳንንትና ቤተሰቦቻቸው ወደዚያ ተጋዙ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅም ከልጆቻቸው ጋር ነበሩ፤ በ1940 ቱሪኖ ከተማ አረፉ። ደሴቷ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ እስር ቤት ነበረች፣ አሁን ብሔራዊ ፓርክ ናት። የግል መኪና አይገባም፤ ከስቲንቲኖ ወይም ከፖርቶ ቶሬስ በጀልባ ተሻግሮ በእግር ወይም በብስክሌት ይዞራል። ነጫጭ አህዮች በነፃነት ይግጣሉ። ቱሪስቱ የሚመጣው ለአህዮቹና ለባሕሩ ነው። እኛ ለሌላም እንሄዳለን።

ባዚሊካታ ውስጥ አሊያኖ የምትባል መንደር ደግሞ አለች። ፋሺስቶች ሐኪምና ሠዓሊ የነበረውን ካርሎ ሌቪን በ1935 ወደ ባዚሊካታ አጋዙት፣ አሊያኖም አኖሩት። የተፈታው አዲስ አበባ ተያዘች ተብሎ በታወጀ ምሕረት ነው፤ የእኛ መከራ ለእሱ መፈቻ ሆነ። ሲሞት እዚያው አሊያኖ ይቀበር አለ፣ ተቀበረም። መንደሯን የከበበው በዝናብ የተሸረሸረ ነጭ የሸክላ ገደል ነው፤ ከመቃብሩ ደጃፍ ቆሞ ማየት ነው።

በየትኛው ወር ልሂድ?

ግንቦትና ሰኔ፣ ከዚያ መስከረምና ጥቅምት። ኦገስት 15 ጣሊያን ሁሉ የሚዘጋበት በዓል ነው፣ የባሕር ዳርቻው አይቻልም። የተራራ መንደሮች ግን በዚያ ሳምንት ነው ነፍስ የሚዘሩት፤ ጉራጌ ለመስቀል አገሩ እንደሚገባ ከቱሪኖም ከካናዳም የሄደው ልጅ ሁሉ ይመለሳል። ለእኛ ያ ወቅት ፍልሰታ መሆኑን አትርሱ።

በዓል ለሚወድ ሁለት ልጥቀስ። በጃንዋሪ 16 ምሽት ሌቼ አጠገብ ኖቮሊ ውስጥ ለአባ እንጦንስ ደመራ ይለኮሳል፤ ከወይን ቅርንጫፍ እስር የተከመረ፣ ቁመቱ 25 ሜትር የሚደርስ። ሁለተኛው ሜይ 1 ቀን ኮኩሎ ውስጥ ነው፣ ከሱልሞና ቅርብ። የቅዱስ ዶሜኒኮን ሐውልት በሕይወት ባሉ፣ መርዝ በሌላቸው እባቦች ሸፍነው ያዞሩታል። እኔ ከሩቅ ነው ያየሁት።

ጥቁር ሰው ትንሽ መንደር ውስጥ ቢታይ ችግር አለ?

ያፈጥጡባችኋል። ሽማግሌዎቹ ከሮም የመጣውንም እንዲሁ ያያሉ፤ ሰላም ስትሉ ፊታቸው ይፈታል። ትልልቅ ባቡር ጣቢያ ላይ ግን ፖሊስ ከነጩ ይልቅ እናንተን ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል፤ ያበሳጫል፣ ፓስፖርት ወይም መኖሪያ ፈቃድ ሳትይዙ አትውጡ። ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን ሲሰማ «አያቴ አቢሲኒያ ነበር» የሚል ሰውም ያጋጥማል። አንዳንዱ አፍሮ ነው፣ አንዳንዱ እንደ ሽርሽር ያወራዋል። ምን እንደምትመልሱ ቀድማችሁ አስቡበት።

ቪዛውስ?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን፣ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ የጉዞ መድኅኑ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን። ገልፍ አገር የምትኖሩ ካላችሁበት ታመለክታላችሁ። ገበሬ ቤት የምታድሩ ከሆነ ማረጋገጫውን በጽሑፍ አስልኩ፣ በስልክ የተባለ ነገር ለማመልከቻ አይሆንም።

በአንድ ዩሮ ቤት ይሸጣሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ሲሲሊና ሌሎችም ቦታዎች ሰው የጠፋባቸው መንደሮች ይሸጣሉ። አንዱ ዩሮ ግን መግቢያው ነው። ብዙውን ጊዜ በሦስት ዓመት ውስጥ ለማደስ ትፈርማላችሁ፣ በሺዎች ዩሮ የሚቆጠር ማስያዣ ታስቀምጣላችሁ፣ የውል አዋዋዩን ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ጣሪያው አለ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆነና ጣሊያን የማይኖር ገዢ ደግሞ በአገሩ ጣሊያናዊ ቤት መግዛት ይችል እንደሆነ ይታያል፤ ይህን የሚያጣራው አዋዋዩ ነው። በፀደይ አይታችሁ ከወደዳችሁት አትፈርሙ። በጥር ተመለሱና መንደሩ ውስጥ አንድ ሳምንት ተቀመጡ፤ ዳቦ ቤቱ ክፍት ከሆነ፣ አውቶቡሱም ከመጣ፣ ያኔ ተነጋገሩ።